መኪናዬ ዳገት ላይ ሂት ታደርጋለች (ከልክ በላይ ትግላለች)፣ ከተማ ውስጥ ግን ሰላም ናት። ራዲያተር ቀይሬም አልተሻላትም

የአባቷ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኳት የ1988 ሞዴል የቤት መኪና አለችኝ። 1.6 ሊትር ናት፣ በካርቡሬተር የምትሠራ፣ ማርሿ በእጅ። ከእኔ ጋር 2 ዓመት ሆናት።

ችግሯ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ስዞርባት ምንም አትል። መብራት ላይ ስቆም፣ መንገድ ሲዘጋጋ፣ መርፌው ከግማሽ በታች ነው። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትሞቅም። ዳገት ስጀምር ወይም በ80 እና በ90 ትንሽ ስገፋት ግን መርፌው ቀስ እያለ ይነሳና ቀዩን ይነካል። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ደግሞ እንደመጣ ይመለሳል።

ራዲያተሩ በአዲስ ተቀይሯል። የውሃ ፖምፑ ከገባ 8 ወሩ ነው። ፋኑ ይሠራል። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እጨምራለሁ፤ ሥሯ የሚንጠባጠብ ግን አላየሁም። አሁን ጋራዡ «ጓርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታ ይፈታ» ብሎኛል፤ በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ (ቴስታታው) መሀል ያለው ማሸጊያ ተበልቷል ማለታቸው ነው። ማስረጃቸው የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያገኟት ቢጫ አረፋ ናት። ከማስፈታቴ በፊት የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ቺንጋ_በጣሽ፦

እህቴ፣ ስሜን አይተሽ እንዳትስቂ፣ እኔ ሁሌም ከቺንጋ ነው የምጀምረው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የውሃ ፖምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) በሁለቱ ፑሊዎች መሀል በአውራ ጣትሽ ጫን በዪው። ወደ 1 ሳንቲሜትር ገባ ካለ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። ጎኑንም እዪው። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ቢወጠርም መያዝ ትቷል ማለት ነው። ሞተሩ ሲጫነው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ቀዝቀዝ_በል፦

ቴርሞስታቱን (በሙቀት የሚከፈተውን የውሃ በር) አውጥተሽ ጣዪው፣ ተገላገዪ። እሱ ለበረዶ አገር የተሠራ ነገር ነው። የኔ 6 ዓመት ያለ ቴርሞስታት ሄዳለች፤ አንድ ቀን ሂት አላደረገችም።

አሮጌው_መፍቻ፦

ልጄ፣ ቴስታታ ለማስፈታት አትቸኩዪ። ጋራዥ ውስጥ 30 ዓመት ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ነው የምትግለው?

ቆማ ወይም መንገድ ሲዘጋጋ የምትግል ከሆነ ነፋስ አጥታለች። ወይ ፋኑ አይነሳም፣ ወይ የፋኑ ክላች ለግሟል፣ ወይ ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክ ወልቆ ቀርቷል። አንዴማ ፋኑ አሪፍ አድርጎ እየዞረ የምትግል መኪና መጣችልኝ። ሽቦው ተገላብጦ ተቀጥሎ ነፋሱን ወደ ፊት ነበር የሚተፋው። ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ብንይዝ ይለጠፋል ስንል በረረ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብን።

ስትሮጥና ዳገት ስትወጣ የምትግል ከሆነ ግን ነፋስ ሞልቷታል። ያኔ የምጠረጥረው የውሃውን ዝውውር ነው። ራዲያተር ሊደፈን ይችላል፣ አንቺ ቀይረሻል። የፖምፑ ምላጭ በዝገት ሊበላ ይችላል፣ እሱም አዲስ ነው። የታችኛው ቱቦ ውስጡ ሽቦ ከሌለው ፖምፑ ሲስበው ይጣበቃል፤ ኮፈኑን ከፍተሽ ሰው ነዳጅ ሲሰጣት እዪው። ፋዟ (ካንዴላዎቹ እሳት የሚጭሩበት ሰዓት) ወደ ኋላ ከዘገየም ታግላለች፣ ግን ያኔ ጉልበትም ስለሚያንሳት ታውቂው ነበር።

አሁን ስለ ጓርኒሲዮኑ። ያቺን አረፋ ብቻዋን አላምናትም። አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ውስጥ እንፋሎት ክዳኑ ሥር ይጠራቀምና ከዘይት ጋር ተለውሶ እንዲያ ይሆናል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተሽ እዪ። እዚያም ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ያኔ እንነጋገራለን። ሌላ ሦስት ነገር ሞክሪ። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፣ ውሃውን ሙዪ፣ አስነሺ። ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከተንቦገቦገ ጋዝ እየገባ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብትል የተያዘ አየር ነው፣ አትደንግጪ። ሌላ ቀን ደግሞ ክዳኑን ዘግተሽ አስነሺና በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛውን ቱቦ ጨብጪው። ሞተሩ ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ መጥፎ ነው። በመጨረሻ ካንዴላዎቹን አስወጪ። አንዱ ብቻውን ታጥቦ የጸዳ ከመሰለ ያ ሲሊንደር ውሃ እየጠጣ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አልነገርሽንም። ቴርሞስታት አላት?

ዳገት_ወጪ፦

እኔ ስለ ጥገናው ብዙ አላውቅም፣ ግን የኔን ስህተት እንዳትደግሚው ልንገርሽ። ዳገት መሀል መርፌው ቀዩን አለፈ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ደንግጬ አጠፋሁ። ውሃ የያዘ ጀሪካን ነበረኝ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩና ቀዝቃዛውን ውሃ ገለበጥኩበት። ከውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ ብርጭቆ ሲሰነጠቅ ያለ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ አልቆጥረውም።

አሁን መርፌው ሲነሳ ገና ቀይ ሳይደርስ ነው የምነቃው። ኤሲ አጠፋለሁ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነፋሱን እለቅበታለሁ፤ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ማርሽ ቀንሼ ረጋ ብዬ እወጣለሁ። ካልተመለሰ ዳር እይዛለሁ። እንፋሎት ከሌለና ውሃው ካለ ትንሽ ደቂቃ በአይድል ትቼ ኮፈኑን ከፍቼ አያታለሁ፣ ፋኑና ፖምፑ እየሠሩ ስለሆነ ትቀዘቅዛለች። እንፋሎት ካየሁ ወዲያው አጠፋለሁ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አልነካም፣ ሲቀዘቅዝም ውሃውን ቀስ ብዬ ነው የምጨምረው።

የአባቷ_ልጅ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የነገሩኝን ሁሉ አደረግሁ። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ጠዋት ስከፍት መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቦግ አለና ጸጥ አለ። ቱቦው ለስላሳ ነው። አራቱም ካንዴላዎች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፣ ትንሽ ጥቁር ጥቁር ይላሉ። የታችኛው ቱቦ ውስጥ ሽቦ አለ፣ አልተጣበቀም።

ቴርሞስታቱ ግን የለም። ወንድሜን ስጠይቀው፣ አባቴ ከ3 ዓመት በፊት አንዴ መንገድ ላይ ሂት አድርጋበት አውጥተው ጥለውታል አለኝ። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበት ቤት ባዶ ነው።

ቀዝቀዝ_በል፦

አየሽ፣ ስለዚህ ቴርሞስታት አይደለም ችግሩ። ፖምፑ ነው። አዲስ ማለት ደህና ማለት አይደለም።

አሮጌው_መፍቻ፦

እኔ ደግሞ አሁን ነው የባሰ የጠረጠርኩት። ልጄ፣ ጠዋት ቶሎ አትሞቅም ያልሽውን፣ ካንዴላው መጥቆሩን፣ ያቺን ቢጫ አረፋ አንድ ላይ አድርጊያቸው። ሦስቱም የሚናገሩት ሞተሩ ከተማ ውስጥ ሙቀቱን ሳይደርስ እንደሚውል ነው። ውሃውም ነዳጁም ስለማይተን ነው አረፋውና ጥላሸቱ።

«ታዲያ ቀዝቃዛ ሆና የምትውል መኪና ዳገት ላይ ለምን ትግላለች?» ትዪኛለሽ። ልንገርሽ።

ሞተሩ ገና ሲነሳ ቴርሞስታቱ ዝግ ነው። ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ባይፓስ በምትባል ትንሽ መንገድ ተመልሶ ፖምፑ ውስጥ ይገባል። ቴርሞስታቱ ውስጥ ሰም አለ። ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ይቀልጥና ይለጠጣል፣ የራዲያተሩን በር ይገፋል። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሳህን አለው። ትልቁ የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት፣ ከሥር ያለችው ትንሿ በዚያው ግፊት ወርዳ የባይፓሱን ቀዳዳ ትደፍናለች። አውጥተሽ ስትጥዪው ሁለቱም መንገድ ክፍት ይቀራል። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አቋራጭ ይወዳል። ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ እየዞረ ይውላል።

ቆማ ስትሆን ሞተሩ የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውሃ ይበቃታል፣ ይተርፋልም። ዳገት ላይ ሙቀቱ ሲበዛ ግን አይበቃም። ምናልባት አባትሽን መንገድ ላይ ያስቸገረው ቴርሞስታት ዝግ ሆኖ ተበላሽቶ ነበር። አውጥተው ያን ቀን አዳኑት፣ መተካቱን ረሱት።

የአንቺ ሞተር ባለ ሁለት ሳህን ይሁን አይሁን ቤቱን ሲከፍቱት ይታያል። ቤቱ ወለል ላይ፣ ከቴርሞስታቱ ፊት ለፊት ቀዳዳ ካለ ትንሿ ሳህን የምታርፍበት ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦

ከመግዛትሽ በፊት መለካት ትችያለሽ። የጨረር ቴርሞሜትር ተዋሺ። የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ አትለኪ፣ አሳንሶ ያነብልሻል፤ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፈሽበት በዚያ ላይ ለኪ። ዳገቱን ጨርሰሽ ሞተሩ ሳይጠፋ ሦስት ቦታ እዪ፦ የላይኛው ቱቦ ራዲያተሩ ጋ፣ የታችኛው ቱቦ፣ የባይፓሱ ቱቦ። በደህና ሞተር ላይኛውና ታችኛው በ10 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚራራቁት። ሁለቱም ግለው ከተቀራረቡ ራዲያተሩ ሙቀት አያስወጣም። በጣም ከተራራቁ ግን በራዲያተሩ የሚያልፈው ውሃ ጥቂት ነው፤ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚቀዘቅዘው። መርፌው ራሱ እንደማይዋሽም በዚሁ ታረጋግጫለሽ። የድሮ መኪና ሴንሰርና የመሬት ሽቦ ብዙ ሰው አሳስቷል።

የአባቷ_ልጅ፦

ዛሬ ወንድሜ ነዳ፣ እኔ ለካሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ፦ ላይኛው 101፣ ታችኛው 58፣ ባይፓሱ 99።

ቁጥር_ወዳድ፦

43 ዲግሪ ልዩነት! ራዲያተርሽ ጎበዝ ነው፣ ውሃ የሚልክለት ነው ያጣው።

አሮጌው_መፍቻ፦

በይ አንድ ሙከራ ቀረን፣ ምንም አያስወጣሽም። የባይፓሷ ቱቦ ከውጭ የምትታይ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጣትሽ ጭመቂያት። ደርቃ የምትሰነጠቅ ከሆነ አትንኪያት። ደህና ከሆነች በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ በመያዣ ጥበቅ አድርጊና ያንኑ ዳገት በዚያው ፍጥነት ውጪ። ለሙከራ ብቻ ነው፤ እንዲያ አድርገሽ እንዳትዘልቂ። ስትመለሺ ፍቺው።

የአባቷ_ልጅ፦

ጋሼ!! መርፌው ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። እስከ ላይ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ላይኛው 93፣ ታችኛው 80። እኔና ወንድሜ መኪና ውስጥ ጮኽን፤ መንገደኛ ያበድን ሳይመስለው አልቀረም።

ዳገት_ወጪ፦

ቴስታታውን አስፈትተሽ ቢሆን ኖሮ ጓርኒሲዮኑን ቀይረው፣ ፊቱን በማሽን አስተካክለው፣ መልሰው ገጥመው፣ ያው ዳገት ላይ ትቆሚ ነበር።

ቀዝቀዝ_በል፦

እሺ፣ ለዚህች ይሁን። የኔ ግን 6 ዓመት ምንም አልሆነችም፣ እሱን ማን ያስረዳኛል?

አሮጌው_መፍቻ፦

ያንተ ባለ አንድ ሳህን ይሆናላ። የባይፓሱ መንገድ ጠባብ ሆኖ ሁሌም ክፍት የሆነ ሞተር አለ፤ እሱ ላይ ቢወጣ አያግልም። ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሞተር ልኩን የሚይዘው ሲሞቅ ነው። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር የሚስማማው፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ የሚተነው፣ ካርቡሬተሩ ነዳጁን በልኩ የሚሰጠው በ85 እና በ95 መሀል ነው። 50 ላይ እያዋልካት ነዳጅ ትበላለች፣ ፋሻውና (የፒስቶኑ ቀለበት) ሲሊንደሩም ያልቃል። ስለማይታይ ነው የማይቆጭህ። ደግሞ አንዴ ነዳጅህን ለካና ንገረን።

እኅትየው፣ ስትገዢ የሞተሩን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። «ለዚች ይሆናል» ብለው ባለ አንድ ሳህን ይሰጡሻል። ስፋቱ ልክ ስለሆነ ይገባል፤ ግን ባይፓሱን አይዘጋም። ገዝተሽ እንዳትገጥሚውም፣ መጀመሪያ ድስት ውስጥ ፈትኚው። በክር አንጠልጥለሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። ቴርሞሜትር አስቀምጪና እሳቱን ቀስ አድርጊ። በሩ የሚላቀቅበትን ቁጥር ጻፊ።

የአባቷ_ልጅ፦

ልክ እንዳሉት መጀመሪያ ባለ አንዱን ሰጡኝ። መለስኩት። ሁለተኛው ቦታ ባለ ሁለት ሳህኑን አገኘሁ፣ ጎኑ ላይ 82 ተጽፎበታል።

ድስቱን ቁጭ ብዬ አየሁት። 80 ላይ ምንም። 83 ላይ ክሩ ላላ አለና ቀጭን ክፍተት እንደ ጨረቃ ጫፍ ታየ። ከዚያ በኋላ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይከፈታል። 94 ላይ ትንሹ ጣቴ የሚያልፍበት ሆነ። ሥሩ ያለችው ትንሽ ሳህን ስትወርድ ሳይ ነው የጋሼ ነገር ጥርት ብሎ የገባኝ። እሳቱን ሳጠፋው ደግሞ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገጠመ።

ነገ ነው የሚገጠመው። የማስጠነቅቃቸው ነገር አለ?

አሮጌው_መፍቻ፦

ጠርዙ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለች፣ ወደ ላይ ትሁን። አየር የሚያመልጠው በእሷ ነው። ሰሙ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ። የድሮውን ጓርኒሲዮን ፋቁት፣ ሲሊኮን አታብዙ፤ የተረፈው ተቆርሶ ራዲያተር ውስጥ ይገባል። ውሃ ስትሞሉ አፍንጫዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሟት፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። የላይኛው ቱቦ እስኪግል ክዳኑ ክፍት ሆኖ ትሥራ፣ አረፋው ሲቆም ሙሉና ዝጉ። የቧንቧ ውሃ ብቻዋን አታድርጉባት። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ።

ቁጥር_ወዳድ፦

ያ በሳምንት ግማሽ ሊትር ግን አልተፈታም። የራዲያተሩን ክዳን አይታችሁታል? ላዩ ላይ ምን ቁጥር አለ?

የአባቷ_ልጅ፦

ክዳኑ ላይ 0.5 ይላል። የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ 0.9 ነው። ከአዲሱ ራዲያተር ጋር የመጣ ክዳን ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦

ተገኘ። ያ ቁጥር ግፊት ነው፣ በባር። ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ዲግሪ ከፍ ይላል። ባሕር ጠለል ላይ ንጹሕ ውሃ በ0.9 ክዳን ሥር 118 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ በ0.5 ግን 111 ላይ። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ወደ 5 ዲግሪ ቀንሺ። መርፌሽ ቀዩን በነካ ቁጥር ክዳኑ ቀድሞ እየተነፈሰ ውሃሽን በትርፍ ቱቦው ያስወጣው ነበር። መሬት ላይ ያላየሽው እየሄድሽ ስለሚፈስ ነው።

የክዳኑን ሆድም እዪ። መሀል ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከትርፍ ጠርሙሱ መልሳ የምታስገባው እሷ ናት። ከተጣበቀች ጠዋት ቱቦው ጭምድድ ብሎ ታገኚዋለሽ። 1.1 እና 1.3 የሚሉትን ደግሞ «ይበልጣል» ብለሽ እንዳትገዢ። አሮጌ ቱቦና የማሞቂያ ራዲያተር አይችለውም።

የአባቷ_ልጅ፦

10 ቀን ሆነው፣ ሆን ብዬ ነው የዘገየሁት። ቴርሞስታቱ ገባ፣ ክዳኑ 0.9 ሆነ። ያንን ዳገት አራት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አንዴ አራት ሰው ጭኜ። መርፌው ከግማሽ አትነቃነቅም። ውሃ አልጨመርኩም። የዘይት ክዳኑ ሥር ያለችውን አረፋ ጠርጌ ነበር፣ አልተመለሰችም።

ደግሞ ጠዋት ማሞቂያው ሠራ። ከወረስኳት ጀምሮ የተበላሸ መስሎኝ በብርድ ነበር የምነዳው።

ቀዝቀዝ_በል፦

ነዳጅ ለካሁ። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም። ባለ አንድ ሳህን የት ይገኛል?

ቺንጋ_በጣሽ፦

ሁሉም ተመሰገነ። ቺንጋውን ግን ማንም አልጠየቀም።

የአባቷ_ልጅ፦

ይቅርታ ወንድሜ! ልክ ነበርክ፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። በዚያው አስቀየርኩት።